ዋት ተብሎ የተለጠፈው ቁጥር ገዢውን እያስከሰረ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ከሱቄ አይጠፋም። ዕቃው እስኪጠገን የሚጠብቅ ደንበኛ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። በበዓሉ ሰሞን ስለ ቤት ዕቃ ግዢ ያወጣችሁትን ምክርም ከደንበኞቼ ጋር ሆነን አነበብነው። ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ምጣድ የጻፋችሁት ጥሩ ነው። ስለ ስፒከር የተጻፈው ግን «ኪሳችሁ የቻለውን ትልቁን ዋት ምረጡ» ይላል። ይህ መታረም አለበት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ቴክኒክና ሙያ ተምሬ ነው። የበለጠውን ያስተማረኝ ግን በየቀኑ የምፈታታው የሰው ዕቃ ነው። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። አንድ ቤተሰብ ለስፒከር የሚያወጣው ገንዘብ ከስንት ነገር ተቀንሶ የተጠራቀመ ነው። ያ ዕቃ በወራት ውስጥ ተቃጥሎ እኔ ጋ ሲመጣ በጣም ያሳዝነኛል።

ከቁጥሩ ልጀምር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «5000 ዋት» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ ላይ «10000» ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» የሚል አለ። ዕቃው ለቅጽበት ያህል ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የተገመተ ኃይል ማለት ነው። አለካኩ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ደንብ የለውም። አምራቹ የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል፤ ይጽፋልም።

አሁን ዕቃውን አዙሩትና ጀርባውን እዩ። የመብራት ገመዱ የሚገባበት አካባቢ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» የሚል ዓይነት ትንሽ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ልታምኑት የሚገባው ይህንን ነው። ከሶኬት 60 ዋት የሚስብ ዕቃ ያለማቋረጥ ከ60 ዋት በላይ ለስፒከር ሊሰጥ አይችልም። ከየት ያመጣዋል? እንዲያውም በድሮው አሠራር የተሠራ አምፕሊፋየር (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚሰጠው ክፍል) ከሚስበው ኃይል ግማሽ ገደማውን በሙቀት መልክ ያባክነዋል። ክላስ ዲ የሚባሉት አዲሶቹ ይሻላሉ፤ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ለስፒከሩ ያደርሳሉ። ስለዚህ ስትገዙ «አር.ኤም.ኤስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃው ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚናገረው እሱ ነው። ሻጩ ካላወቀ ጀርባውን ራሳችሁ አንብቡ።

ይህን ስናገር ብዙ ሰው «ዋቱ ካነሰ እኮ አይጮኽም» ይለኛል። እንደዚያ አይደለም። ስፒከሮች በተሰጣቸው ኃይል የሚያወጡት ድምፅ ይለያያል። መለኪያው አንድ ዋት ሰጥቶ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰማ ማየት ነው። 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ10 ዋት የሚያሰማውን፣ 84 ዴሲቤል የሚሰጠው የሚያሰማው በ40 ዋት ነው። ጆሮም ቢሆን ኃይሉ እጥፍ ሲሆን እጥፍ አይሰማም። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። ለተራ ሳሎን ደህና ስፒከር ከተገኘ በየጎኑ 20 ወይም 30 እውነተኛ ዋት ይበቃል፤ ይተርፋልም።

የተጋነነው ቁጥር ሌላም ጉዳት አለው። ሰውዬው 5000 ዋት እንዳለው አምኖ ለልጁ ልደት ቮልዩሙን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። እውነተኛው አምፕሊፋየር ትንሽ ስለሆነ አቅሙ ያልቅና ድምፁ ይሻክራል። ሻካራው ድምፅ አስቀድሞ የሚያቃጥለው ትዊተሩን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ተቃጥለው የዋሉ ትዊተሮች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ቀንሱ። ከዚያ በላይ የሚጨመር ነገር የለም።

የዝግጅት ክፍላችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ስፒከር ስትጽፉ የአር.ኤም.ኤሱን ቁጥር ጻፉ። ማስታወቂያ የሚያመጡላችሁን ነጋዴዎችም ይህንኑ ጠይቁልን። ካልተገኘ ቁጥሩን ከነጭራሹ ተዉት። አንባቢ ጋዜጣ ላይ የታተመ ቁጥር ያምናል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ወደ ሱቄ መጡ። ልጅየው ጎማ ያለው፣ ባለቀለም መብራት የሚያበራ ትልቅ ስፒከር ገዝቶላቸዋል። እሳቸው የሚፈልጉት በገናና ስብከት መስማት ነው። «ልጄ፣ ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይለይም» አሉኝ። ከፍቼ አየሁት። ምንም አልተበላሸም። የተሠራው ለጭፈራ ነው፤ ባሱ እንዲያጓራ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እንዲያፏጭ። መሃሉ ባዶ ነው። የሰው ቃል የሚለየው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው። ተራ ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን የመሃል ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማናል። «አባባ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም» አልኳቸው። ልጅየው ሸጦት በገንዘቡ ግማሽ ሁለት ያገለገሉ የእንጨት ስፒከሮችና አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር ገዛ። አሁን ሰላም ሊሉኝ ጎራ ሲሉ የሰሙትን ስብከት ይነግሩኛል።

ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ሰው የእኔ ምክር ይህ ነው። አምስትና ስድስት ስፒከር ያለውን የፕላስቲክ ስብስብ ተዉት። ሁለት ደህና ስፒከር ግዙ። ከመደባችሁት ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስፒከሩ ላይ አውሉት፤ ድምፁን የሚሠራው እሱ ነው። የተረፈውን ለአምፕሊፋየርና ለገመድ አድርጉት። ሳጥኑ እንጨት ይሁን፤ ከባድ ይሁን። በጣታችሁ ስታንኳኩት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ካንጓጓ ሙዚቃ ሲከፈትም እንደዚያው ነው የሚያንጓጓው።

ያገለገለ ዕቃ አትፍሩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ማለት ነው። አገር የሚለቅ ሰው ቤቱን ሲሸጥም ጥሩ ዕቃ ይገኛል። ብቻ ማየት ያለባችሁን እወቁ። መጀመሪያ የስፒከሩን ሽፋን አውልቁና እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን የወረቀቱን ዳር ዙሪያውን ዳስሱ። ስፖንጅ ከሆነ ከ15 እና 20 ዓመት በኋላ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ይህ ዕቃውን አይጥለውም፤ ቀለበቱ ብቻ ይቀየራል። ግን ዋጋ ያስቀንሳል። ዳሩ ጎማ ከሆነ ዕድሜው ረጅም ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች በእኩል ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ከውስጥ የሚፋቅ ነገር ከተሰማችሁ ኮይሉ፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ተጣሟል ወይም ተቃጥሏል። ተዉት። ቴስተር ያለው ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ 8 ኦም (ኦም ዕቃው የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) የተባለው ስፒከር ሲለካ ከ6 እስከ 7 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

አምፕሊፋየሩን በተመለከተ ቮልዩሙን ስታዞሩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አትደንግጡ። ቆሻሻ ነው፤ በመድኃኒት ይጸዳል። ሻጩ ዋጋ እንዲቀንስ ግን ንገሩት። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም «እምምም» ካለ ካፓሲተሩ አርጅቷል፤ እሱም ይቀየራል። ስፒከር ስታገናኙበት ወረቀቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ከቀረ ግን ወዲያውኑ ንቀሉት። ውስጡ የተቃጠለ ነገር አለ፤ ስፒከሩንም ይዞት ይሄዳል። የኦሙን ነገርም አትርሱ። ጀርባው ላይ «8 ኦም» ብቻ የሚል አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም ስፒከር አታስሩ። በአንድ ጎን ሁለት 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ካሰራችሁም ያው 4 ነው የሚሆነው። አምፕሊፋየሩ ይግልና ይሄዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ ስሙ። ሱቁ የሚያሰማችሁን ዘፈን ሳይሆን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጮች ባስ የበዛበትን ነው የሚከፍቱት። እኔ ስፒከር የምፈትነው በበገና፣ በማሲንቆና በዜና አንባቢ ነው። በገና 10 አውታር አለው። ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች። ደህና ስፒከር ላይ አንዱ አውታር ከሌላው ተለይቶ፣ ከነንዝረቱ ይሰማል። ቀሽም ስፒከር ላይ ሁሉም ተደበላልቆ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል። ማሲንቆ ደግሞ ለላይኛው ድምፅ ነው። የጭራው ፍትጊያ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ትዊተሩ መጥፎ ነው። ዜናውን የወንድም የሴትም አድርጉት። የወንዱ ድምፅ በርሜል ውስጥ ያለ ሰው ከመሰለ፣ የሴቷ «ሰ» እና «ሸ» ካፏጨ፣ ያንን ዕቃ ለሌላ ሰው ተዉለት።

ከአሜሪካ ዘመድ ስለሚልከው ዕቃ በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እህት ወይም ወንድም ደክሞ ሠርቶ ጥሩ አምፕሊፋየር ይገዛል። በሻንጣ ተሸክሞ ያመጣዋል። እዚህ ሶኬት ላይ ሲሰካ በአፍታ ይቃጠላል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «ከ100 እስከ 240» ካለ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት። አንዳንድ የድሮ አምፕሊፋየሮች ጀርባቸው ላይ 110 እና 220 የሚል መምረጫ አላቸው፤ መሰካት የሚቻለው እሱ 220 ላይ ከተደረገ በኋላ ነው። «120» ብቻ ካለ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። አምፕሊፋየሩ 100 ዋት የሚስብ ከሆነ 200 የሚችል ትራንስፎርመር ግዙ። የጃፓን አገር ውስጥ ዕቃ ደግሞ 100 ቮልት ነው። ከዱባይ የሚመጣው በቮልቴጅ አያሰጋም፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ነው የሚያስቸግረው። ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን ካነበባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቴጁን እዩልን።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አብዛኛው የዲሽ ሪሲቨር ጀርባው ላይ ቀይና ነጭ ቀዳዳ አለው። ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ድምፅ ነው። በርካሽ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ «ኦክስ» ከሚለው ጋር አገናኙት። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወዲያው ሌላ ይሆናል። «ፎኖ» የሚለው ላይ ግን አትሰኩ። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ በጣም ደካማ ድምፅ ስለሚጠብቅ የሪሲቨሩን ሲያገኝ ያንቋርራል። ስልካችሁንም በዚያው በኦክሱ በገመድ ማገናኘት ትችላላችሁ። ብሉቱዝ ከሌለው ብላችሁ ጥሩ አምፕሊፋየር አትጣሉ።

ለስፒከር ገመድ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በሜትር የሚሸጠው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ ለማንኛውም ቤት ይበቃል። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይታሰር። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ሁለቱ እየተጣሉ ባሱ ይጠፋል። «ስፒከሬ ባስ የለውም» ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ቀለሙ የጠፋበት ከሆነ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ፣ 1.5 ቮልቱን፣ ከስፒከሩ ሁለት ጫፎች ጋር ለቅጽበት አስነኩት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው።

አቀማመጡ ላይ ሁላችንም አንድ ልማድ አለን። ስፒከሩን ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆና ከፎቶ መሃል እንወሽቀዋለን። አንዳንዴ ሁለቱንም ቴሌቪዥኑ ሥር አጣብቀን። እንደዚያ ሆኖ ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር የለም። ቡፌው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ይንጫጫል። አውጡትና በሁለት በርጩማ ወይም በጠንካራ ሳጥን ላይ አድርጉት። ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ እኩል ይሁን። በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ካለው ርቀት ጋር ይቀራረብ። ከግድግዳው ትንሽ አርቁት። ጥግ ውስጥ ካስገባችሁት ባሱ ያብጣል። ባስ ያነሰው ትንሽ ስፒከር ካላችሁ ደግሞ ወደ ግድግዳው በማስጠጋት በነፃ ባስ ታገኛላችሁ።

የአዲስ አበባ ሳሎን ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ብረትና መስታወት ነው። መሃሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፁ እየተንጫጫ ከተመለሰ ችግሩ የስፒከሩ አይደለም። ምንጣፍ ዘርጉ። ወፈር ያለ መጋረጃ ስቀሉ። መጽሐፍ ያለበት መደርደሪያ ካለ ከስፒከሩ ትይዩ አድርጉት። ለዚህ የወጣ ገንዘብ ከአዲስ ስፒከር በላይ ለውጥ ያመጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ደግሞ በክረምት ዝናቡ ሲወርድ ከሱ ጋር አትፎካከሩ። ትዊተር የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ፣ ከታች ያለው ጎረቤት የሚሰማው ባሱን ነው። በወለሉ በኩል ይወርዳል። ስፒከሩ ሥር ወፍራም ጎማ አድርጉ። የባሱን ማዞሪያ ቀንሱ። ማታ ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ «ሎድነስ» የሚለውን ተጫኑት። ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ባስ በደንብ ስለማይሰማ እሱ ያካክሳል። ቀን ላይ ከፍ ስታደርጉ አጥፉት። ሌሊት ፈረቃ ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ ግድግዳ ተጋርታችሁ ሊሆን ይችላል።

መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አደጋው ሲመጣ ነው፤ ቮልቴጁ ዘሎ ይመጣና ውስጡን ይዞት ይሄዳል። ከመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩት። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

በመጨረሻ ስለ ካሴት። ብዙ ቤት አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠ ካሴት አለ። ዘፈን ብቻ አይደለም። ዓረብ አገር ላለች ልጅ ሊላክ የተቀዳ የእናት ድምፅ አለ፤ የሠርግ ሽማግሌዎች ምርቃት አለ። የካሴት ዴካችሁ አልዞር ካለ አትጣሉት። አብዛኛውን ጊዜ የሟሟው ቀበቶው ነው፤ ይቀየራል። ድምፁ ከታፈነ ብዙውን ጊዜ ሄዱ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ስለቆሸሸ ነው፤ በጥጥና በአልኮል ይጸዳል። ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝታችሁ ቅዱት። ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ከላይ ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሯቸው። ያን ጊዜ አንድ ልጅ በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ ያለው ድምፅ አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር
የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ባለሙያ፣ ኮልፌ፣ አዲስ አበባ